ድምፅ የሚበላ ሳጥን

ኦገስት 3

የራዲዮ ቀፎ ኮሚቴው ዛሬ ከረጅም ውይይት በኋላ የእንጨቱን ሳጥን ያለ አንድ ተቃውሞ ከሥራ አሰናብቷል። ኮሚቴው እኔ ነኝ፤ ሰብሳቢም ጸሐፊም። ባለቤቴ ኔሬይዳ ሩዝ እየለቀመች በታዛቢነት ተገኝታለች።

ክሱ ይህ ነው። ሳጥኑ ከአሮጌ ቁምሳጥን በር የተሠራ ዝግባ ሲሆን ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደ ሊጥ ያብጣል። ባለፈው ኦክቶበር አውሎ ነፋሱ ስልኩንም መብራቱንም ሲጥል፣ መንደራችንን ካሌታ ብላንካን ከቀረው ዓለም ጋር ያገናኛት የነበረው የእኔ ራዲዮ ብቻ ነበር። ከላይ ያለው ግድብ በሩ ሊከፈት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ተላልፏል አሉ። በእኔ መዝገብ ላይ አንድም ጊዜ የለም። ወንዙ ሳይጠራ መጣ። ሰው አልሞተም። የጎረቤቴ የዊልፍሪዶ እናት፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ ዶና ኤውላሊያ፣ ጣራ ላይ አደረች። የዊልፍሪዶ አሳማ ወደ ባሕሩ ሄዳ በዚያው ቀረች።

ሳጥኑ ነው። ያበጠ እንጨት ድምፅ ይበላል። ለራዲዮ ክለቡም ይህንኑ በሦስት ገጽ ጽፌ አስረድቻለሁ።

ክለቡ የመለሰው በአንድ መስመር ነው። ሴፕቴምበር 10 ተቆጣጣሪ ይመጣል። ጣቢያው በወጉ የተዘጋ የብረት ቀፎ ከሌለው የአደጋ ጊዜ ጣቢያነቱ ከተራራው ማዶ ላለው ለኦስሙንዶ ይተላለፋል። ኦስሙንዶ ጥሩ ሰው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው በፈረስ ይዞልን ይመጣል። መንገዱ ካልተቆረጠ። ፈረሱም ካልሰመጠ።

የሆድ ዕቃው ሥራ አልቋል። በስኳር ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከሦስት የሞቱ ቴሌቪዥኖች አንድ የሚናገር ራዲዮ አውጥቻለሁ። የቀረው ልብሱ ነው። ጥሩ ቀፎ ብረት መሆን፣ አለመዛግ፣ መተንፈስና ሲፈለግ መከፈት አለበት። እንዲህ ያለ ሚስት ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ታዛቢዋ ከትከሻዬ በላይ ስለምታነብ ትቼዋለሁ።

ኦገስት 6

አንደኛ ዕጩ፦ የብስኩት ቆርቆሮ። ክብ ነው፣ ክዳኑ ላይ በበረዶ የሚነዳ ጋሪ ተሥሎበታል። በዚህ ቤት ብስኩት የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ የለም፤ ሃያ ዓመት ቁልፍና ክር ነው የኖረበት። ኔሬይዳ ነዋሪዎቹን ወደ ካልሲ አዛወረቻቸው።

"መቀሴን ግን ቆርቆሮ እንድትቆርጥበት አልሰጥም" አለች። መቀሷ የግራኝ መቀስ ነው፤ በዚህ አውራጃ ሌላ የለም። ግራኝ ስለሆነች በስልክ ማዞሪያው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ የግድግዳ ጥጉን መቀመጫ ሰጥተዋት ነበር፤ ክርኗ ጎረቤቷን እንዳይመታ።

ቆርቆሮውን ስሰረስር ዋልኩ። መቀበያውን ከተትኩበት። ድምፁ ከትራስ ሥር እንደሚወጣ ሆነብኝ።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

በሩ ላይ ቆማ "ጥርት ያለ ነው" አለችኝ። ደግ ሴት ናት።

ክብ ነገር ድምፅ ያዞራል። ውድቅ።

ኦገስት 9

የዊልፍሪዶ አውራ ዶሮ ሞቷል።

ማርኬስ ይባላል። አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ መስኮት ትይዩ ከአጥሩ ላይ ሌሊቱን በሦስት የሚከፋፍል አረመኔ ነበር። ልብ ብዬ ሳስበው ድምፁን ከሰማሁ ሰንብቷል። በልተውታል ማለት ነው። ደስታዬን በአደባባይ አልገልጽም፤ ያ ቤት ባለፈው ዓመት አሳማ አጥቷል፤ በማን ጥፋት እንደሆነ ደግሞ ሰው ያወራል።

ተኛሁ። እንደ ሕፃን።

ኦገስት 13

ኔሬይዳ ዳቦ ሰልፍ ስትሄድ "ሽማግሌው፣ ድስቱ ሲያፏጭ አውርደው" አለችኝ። ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። ሰላሳ ስምንት ዓመት ተጋብተን አንድ ድስት አታምነኝም።

ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ፤ ጭኔ ላይ ካቻቢቴና የብስኩት ቆርቆሮ። ድስቱ አላፏጨም። ጭሱ ነው የነገረኝ። ጥቁሩ ባቄላ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል። ዶና ኤውላሊያ አጥር ላይ ተንጠልጥላ እጇን ታወዛውዝ ነበር፤ ምን እንዳለች አልያዝኩም። የዚህ መንደር ሴቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሹክሹክታ ለምደዋል።

የድስቱን ፉጨት ፈትቼ መረመርኩት። አንዳች ጉድለት የለበትም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መመዝገብ አለበት። ድስቱን ስፈትሽ ወፍራም አሉሚኒየም፣ በደንብ የሚዘጋ፣ መያዣ ያለው ሆኖ አገኘሁት። ለኔሬይዳ በትሕትና ሐሳብ አቀረብኩ።

"ድስቴን ብትነካ" አለች እየፋቀች፣ "ያንን ራዲዮ በሽንኩርት እሠራዋለሁ።"

ይህን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

ኦገስት 15

ዛሬ በዶሚኖው ጠረጴዛ አለፍኩ። ጸጉር አስተካካዩ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው ነው፤ ዶሚኖ ሲመታ እንኳን ቀስ ማለት አይችልም።

"ሳጥን ቢቀያይር፣ ቢቀያይር..." አለ። ከዚያ አየኝና ሰላም አለኝ። በጣም ሰላም አለኝ።

ምን ሊል እንደነበር አላውቅም። ስለ ሬሳ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ሳምንት የአጎቱ ቀብር ነበር።

ኦገስት 18

ሁለተኛ ዕጩ፦ የፕላስቲክ የዓሣ አጥማጅ ሳጥን። አይዝግም፣ ያምራል። ነገር ግን ፕላስቲክ ለሞገድ ግድግዳ አይደለም። ጣቢያውን ይዤ እጄን ሳነሳ ጣቢያው ይሸሻል፤ እጄን ስመልስ ይመለሳል። ድመቷ በአጠገቡ ስታልፍ ጠቅላላ አገሪቱ በአንድ ጣት ተንቀሳቀሰች። ድመት ሲያልፍ የሚዛወር ጣቢያ ለአውሎ ነፋስ አይሆንም። ድምፁም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው።

ውድቅ። ደክሞኛል።

ኦገስት 23

ሦስተኛ ዕጩ፦ ከተዘጋው ክሊኒክ የተገኘ የመድኃኒት ሣጥን። ያመጣልኝ ዊልፍሪዶ ራሱ ነው፤ በጋሪ፣ በፀሐይ። ነጭ ብረት፣ በሩ ላይ ቀይ መስቀል። አሳማው በእኔ... በሳጥኑ ምክንያት የጠፋችበት ሰው መሆኑን እያሰብኩ ውሃ ሰጠሁት።

ራዲዮውን አስገባንና ከፈትን። ኦስሙንዶ ከማዶ ሆኖ የአየር ሁኔታ ያነባል።

"ኮምፓይ!" አለ ዊልፍሪዶ፤ ወዳጁን የሚጠራው እንዲህ ነው። "ሰውየው ጆሮዬ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያወራው!"

እኔ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን የለም። አንድ ሰው ግድግዳ ማዶ ምንጣፍ ሲያራግፍ እንደሚሰማው።

"ወፍራም ብረት ነው" አልኩት። "ድምፁን ያፍነዋል።"

ዊልፍሪዶ ኔሬይዳን አየ። ኔሬይዳ መሬቱን አየች። እኔ ቀዩን መስቀል አየሁ።

"ሌላ ይገኛል ኮምፓይ" አለ። መልሶ በጋሪው ጫነው፤ በዚያው ፀሐይ። ትንሽ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦገስት 27

ለታሪክ የሚመዘገብ ነገር። ማርኬስ አልሞተም።

ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አጥሩ ላይ ቆሟል። ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን መዘዘ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። አረፈ። እንደገና ነፋ፣ መዘዘ፣ ከፈተ። ምንም።

ምስኪን። ዕድሜ ነው። ድምፁ ጠፍቶበታል፤ እሱ ግን አላወቀም፤ እንደ ድሮው የሚሰማ መስሎት ይለፋል። ጠላቴ ቢሆንም አንጀቴን በላው።

ዊልፍሪዶ አሳማውን ሊመግብ ሲወጣ (አዲስ ገዝቷል፤ ትንሽ ናት) በአጥሩ በኩል ጠራሁት።

"ዶሮህ ድምፁ ተዘግቷል። ማር በሎሚ ስጠው።"

ዊልፍሪዶ ዶሮውን አየ። ዶሮው በዚያች ሰዓት አፉን ከፍቶ ነበር። ዊልፍሪዶ እኔን አየ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

"እሺ ኮምፓይ" አለ። "ማር በሎሚ እሰጠዋለሁ።"

ሴፕቴምበር 1

ከባሕሩ ማዶ፣ ከአፍሪካ በኩል፣ አንድ የአየር ውጥንቅጥ ተነስቷል አሉ። ገና ስም አላወጡለትም። እነዚህ ነገሮች ስም እስኪወጣላቸው ጨዋ ናቸው።

ቀፎ የለኝም። ዘጠኝ ቀን።

ሴፕቴምበር 3

አገኘሁ!

የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ትሪዎች። ሰው ሁሉ ለቴሌቪዥን አንቴና ሲቆርጣቸው ኖሮ ስድስት ብቻ ተርፈዋል፤ ዘበኛዋ በአንድ ጠርሙስ የዘይቱና ማርማላታ ለወጠችኝ። ንጹሕ አሉሚኒየም ናቸው። ጨው አይበላቸውም፤ የሦስት ትውልድ ልጆች በማንኪያ ደብድበዋቸው አልተበሱም።

ስድስቱን በሪቬት ምስማር አያይዤ ሳጥን አደረግኋቸው። የፊቱ ትሪ የምግብ መክተቻ ጎድጓዶቹን ይዞ ቀርቷል። እስፒከሩ የሾርባው ቦታ ነው። የጣቢያ መፈለጊያው ቁልፍ በቀኝ በኩል የሙዙ ቦታ ነው። የሩዙ ቦታ ትልቁ ስለሆነ የሞገዱን ጉልበት ለሚያሳየው መርፌ ሰጠሁት፤ መስታወቱ የቡና ሰሃን ያህላል። ኔሬይዳ "መርፌ ይህን ያህል ለምን?" አለች።

"ለውበት" አልኳት።

በሕይወቴ ያማረ ቀፎ ሠርቻለሁ ብዬ አስባለሁ። ጀርባው ላይ አንድ ልጅ በምስማር "ባቄላውን ጠላሁ" ብሎ የጫረው አለ። አልፋቅሁትም።

አልከፈትኩትም። ነገ።

ሴፕቴምበር 5

ከፈትኩት።

ያው ነው።

ምንጣፍ ያራግፋሉ።

ሴፕቴምበር 6

ሳምንታዊው የመገናኛ ሙከራ። ኦስሙንዶ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ የተጠራ "አለሁ" ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠርቼ ሦስቱንም መለስኩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ መርፌው ሲነሳ ሰው ይናገራል፣ ሲወድቅ ተራው የእኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኔሬይዳ ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ ማድረግ ጀምራለች። ስሜ በተጠራ ቁጥር ጠበቅ ታደርጋለች። የስተርጅና ፍቅር ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ምሳ ስንበላ እኔ ብዙ አወራሁ። ሰው ራሱ ሲያወራ ምን እንደተባለ ማንም አይጠይቀውም።

ሴፕቴምበር 10

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ዩሲሚ ትባላለች፤ ዕድሜዋ የብስኩቱን ቆርቆሮ አያክልም፤ ድምፅዋ እንደ ክር የቀጠነ። በሞተር ብስክሌት አቧራ ለብሳ ገብታ ቡናውን ቆማ ጠጣች።

ቀፎውን አነሳችው፣ ነቀነቀችው፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ውሃ ረጨችበት። ሳቀች፤ ጀርባውን አንብባ ነው። ከዚያ የእጅ ራዲዮዋን ይዛ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደች። ፈተናው ይህ ነው፤ አሥር የቦታ ስሞች ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ኔሬይዳን ከኋላዬ እንዳትቆም ነገርኳት። ፈተና ፈተና ነው። ወጥ ቤት ሄደች።

መርፌው ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ። አሥር ጊዜ። አራት ጻፍኩ። ከአራቱ ሁለቱን የጻፍኩት በዚህ አገር ምን ምን ቦታ እንዳለ አስቤ፣ በግምት ነው።

ዩሲሚ ተመልሳ ወረቀቴን አየች። "ባትሪሽ ደክሞ ይሆናል" አልኳት። በወጥ ቤቱ መስኮት አጮልቃ ታይ ነበር። እዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ በሩዙ መሐል፣ የጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት አለ። አሥር ስም። ኔሬይዳ በመሐረብ ልትሸፍነው ሞከረች።

ዩሲሚ ፊቴ ድረስ መጥታ አፏን ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

"አባት! ሳጥኑ አልፏል!"

"ሳጥኑ" አልኩ።

"ሳጥኑ።"

ከቦርሳዋ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። ሁሉም ተሞልቷል፤ አድራሻ፣ የሞገድ ጉልበት፣ የቀፎ ዓይነት (ቃል በቃል "የምግብ ቤት ትሪ" ብላለች)። "ኦፕሬተር" ከሚለው ፊት ያለው መስመር ብቻ ባዶ ነው። እንድሞላና በዳቦ መኪናው እንድልክ ነገረችኝ። ስም የሌለው ጣቢያ በአውሎ ነፋስ ቀን አይጠራም፤ ደንቡ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ስለጻፈችው ነው።

ከባሕሩ ማዶ ላለው ነገር ስም ወጥቶለታል።

ሴፕቴምበር 11

ባዶ መስመር። የዳቦ መኪናው መጣ፣ ሄደ።

ስሜን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እርሳስ አነሳሁ። ኤውዳልዶ ሦስት ሴኮንድ የማይፈጅ ስም ነው። ዶና ኤውላሊያን በአጥሩ በኩል አየኋት፤ መሰላል ጣራዋ ላይ አስደግፋለች። ራሷ ነች ያስደገፈችው። በሰማንያ አንድ ዓመቷ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ሴፕቴምበር 12

የዳቦ መኪና። መጣ፣ ሄደ። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሯል። ኔሬይዳ ምሳ ላይ ረጅም ነገር ነገረችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለት ጊዜ "ልክ ነሽ" አልኩ። በምን እንደተስማማሁ አላውቅም፤ እሷ ግን ተናዳ ሳህኑን አነሳች፤ ስለዚህ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 13

ከዚህ በታች ያለው የእጅ ጽሕፈት የእኔ አይደለም። ደብተሩን ክፍት ትቼው ወደ ጓሮ ወጥቼ ነበር።

*ሽማግሌው፣ ጮኼ ብነግርህ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ቀስ ብዬ ብነግርህ አንተ አትሰማም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት የግድቡን ማስጠንቀቂያ ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ። አንተ ራዲዮው ፊት ነበርክ፣ እርሳስ በእጅህ። ጽፎታል ብዬ ሙዝ መላጤን ቀጠልኩ። ዓመቱን ሙሉ ሳጥኑ ነው ስትል ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ከሆነ እኔም ነጻ ነኝ። ዶና ኤውላሊያ በየቀኑ ሰላም ትለኛለች። በሦስት ቀን ውስጥ ነፋሱ ይደርሳል። እባክህ፣ አንድ ስም ጻፍ።*

ኮሚቴው ስብሰባውን ላልተወሰነ ጊዜ አቋርጧል።

ሴፕቴምበር 14

ያለቀውን ቀፎ ፈታሁ። የፊቱን ትሪ አውጥቼ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩት፤ ከሙዙ ቦታ ወደ ሰላጣው ቦታ። የማይክሮፎኑን መስቀያም እንዲሁ። ምክንያቱ የክብደት ሚዛን ነው። የድሮውን ቀዳዳ በሪቬት ደፈንኩ፤ ጠባሳው ይታያል፤ ይታይ።

ጠረጴዛውንም ከግድግዳው ገፋ አደረግሁት፤ የግራ ክርን እንዳይመታ። የወንበሩን እግር በሁለት ጣት ቆረጥኩት። ይህም ለክብደት ሚዛን።

ኔሬይዳ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ስሰረስር እያየችኝ ዋለች። ስጨርስ መጥታ በአዲሱ ወንበር ተቀመጠች፣ ግራ እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች፣ አዞረች። ምንም አላለችም። ወይም ብላ ይሆናል።

ቅጹን ሞልቼ ለዳቦ መኪናው ሾፌር ሰጠሁት። ሳያፍር አነበበው።

"በመጨረሻ!" አለ። ይህ ደግሞ ድምፁ ወፍራም ነው።

ሴፕቴምበር 16

ጠዋት አራት ሰዓት። መብራት ጠፋ። ስልክም። የመኪና ባትሪ ላይ ነን።

አምስት ሰዓት ተኩል። ዝናቡ በጎን ይመጣል። ቀፎው ላይ ይንጠባጠባል፤ አይገባም። የትሪ ልጅ።

ሰባት ሰዓት። ኔሬይዳ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነሳችም። ሩዝ በማንኪያ አጎረስኳት፤ ሁለት እጇም ሥራ ላይ ነው። እኔ መርፌውን አያለሁ። ልማድ ነው።

ሰባት ሰዓት ከሃያ። መርፌው ተነሳ። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ወጣ፣ ዝም በል ማለት ነው፤ እኔ ዝም ብያለሁ። ግራ እጇ ይጽፋል። ወረቀቱን ገፋችልኝ፦ *ግድቡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፈታል። ሂድ።*

ሄድኩ

ሴፕቴምበር 17

ትናንት "ሄድኩ" ላይ ነጥብ እንኳን አላደረግሁም። አሁን እቀጥላለሁ፤ ወገቤ የእኔ አይደለም።

ከወንዙ ዳር አሥራ አራት ቤት አለ። አሥራ አራቱንም በር በሳጥን ደበደብኩ፤ በእንጨቱ ሳጥን፣ በተሰናበተው፣ እጄ የገባልኝ እሱ ነበር። በጣም ይጮኻል መሰለኝ፤ በአንድ ምት ሰው ሁሉ ወጣ። አምስተኛው በር ላይ ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ በቡጢ።

ዊልፍሪዶ እናቱን በጀርባው አዘለ፤ ዶና ኤውላሊያ ማርኬስን በብብቷ ይዛለች፤ እኔ አሳማዋን በገመድ እጎትታለሁ። አሳማዋ የመውጣት ሐሳብ የላትም። መሬት ላይ ተቀመጠች። ዊልፍሪዶ ዞሮ "ተዋት ኮምፓይ!" አለ፤ ከአፉ አነበብኩ። አልተዋትም። ሁለት አሳማ ለአንድ ሰው ሕሊና ይበዛል። ተሸከምኳት። ስለ ሽታው አልጽፍም።

ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ ስንደርስ ዞረን አየን። ውሃው የዊልፍሪዶን አጥር ሲያልፍ ቀስ ያለ፣ ጨዋ መስሎ ነበር። ከዚያ መሰላሉን ወሰደ። የዶና ኤውላሊያን ጣራም ወሰደ። ያንን ጣራ፣ ባለፈው ዓመት ያደረችበትን። አየችው። ማማተብ ጀመረች፤ ዶሮው በብብቷ ስለነበር አብሮ አማተበ።

አሥራ አራቱም ቤት ተቆጠረ። ሰው ሁሉ አለ።

ወደ ቤት ስመለስ (የእኛ ከፍ ያለ ላይ ነው) ኔሬይዳ ከዚያው ወንበር አልተነሳችም። ቁጥሩን ነገርኳት። ወደ ማይክሮፎኑ ተናገረች። ምን እንዳለች አላውቅም። መዳፌን ቀፎው ላይ፣ የሾርባው ቦታ ላይ አደረግሁ። ኦስሙንዶ ሲመልስላት አሉሚኒየሙ እጄ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ቃል አልነበረውም። መልስ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ጥሩ ቀፎ ነው። ይህንን ኮሚቴው በመዝገብ ይያዝልኝ።

ሴፕቴምበር 20

ጭቃ። ሦስት ቀን አካፋ። ዶና ኤውላሊያ እኛ ቤት ናት፤ አልጋዬን ይዛለች። ቁልፍና ክሩ ከካልሲ ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ተመልሷል፤ ጎኑ ላይ ስድስት ቀዳዳ አለበት፤ ቁልፎቹ እየሾለኩ ቤቱ ሁሉ ተዘርተዋል። ሽርጧን ለብሼ የምዞረው እኔ ሆኛለሁ፤ ሚስቴ ደግሞ "ጣቢያው ሥራ ላይ ነው" እያለች ሳህን አታጥብም።

ኔሬይዳ ትናንት ራት ላይ ለዶና ኤውላሊያ አንድ ነገር ነገረቻት። ረጅም ነበር፤ አጎንብሳ ነው የነገረቻት። አሮጊቷ ሰምታ ሰምታ እጇን ዘርግታ የኔሬይዳን ጉንጭ መታ መታ አደረገች፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። ጎንበስ አልኩ። እኔን ግን በጥፊ ነው የመታችኝ፤ ቀላል ጥፊ። ቀጥላ ጨው እንዳቀብላት ጠየቀች። በእጇ።

ዛሬ ጠዋት ዊልፍሪዶ የወደቀውን አጥር እያቆመ ነበር፤ እኔ ምሰሶ እይዝለታለሁ። ማርኬስ አጥሩ ቆሞ ባለቀበት በኩል ወጣ። ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን መዘዘ፣ አፉን ከፈተ።

ዊልፍሪዶ መዶሻውን አቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንዳይ አድርጎ ተናገረ።

"ማር በሎሚው ሠርቶለታል ኮምፓይ። ሰማኸው?"

ሊሸፍንልኝ ነው የፈለገው፤ አንድ ራስ መነቅነቅ ይበቃ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስነቀንቅ የኖርኩት ራስ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነበር።

"አልሰማሁም" አልኩት።

ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ዶሮው ደንግጦ ከአጥሩ ወረደ።